ትንፋሽ የማይሰማው ማማ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጀልባ ወደብ ላይ ስታስጠጉ ማንን ታስፈቅዳላችሁ? እኔ ጣና ላይ ሰላሳ ዓመት ስነዳ ማንንም አስፈቅጄ አላውቅም። ደቅ ደሴት ስደርስ ጡሩንባ አሰማለሁ። ታንኳ ላይ ያሉት ዞር ይላሉ። ዞር ያላለውን በስሙ ጠርቼ እሰድበዋለሁ፤ እሱም በስሜ ጠርቶ ይመልስልኛል። ከዚያ ገመድ ወርውሬ እወርዳለሁ፤ አለቀ። ጉማሬውም ሲወጣና ሲገባ እንደዚሁ ነው። እንዲያውም እሱ ጡሩንባም የለው።

ለዚህ ነው ልጄ ሀያት የሰማዩን ሕግ የነገረችኝ ዕለት ክው ያልሁት። ከዚያ ዕለት ወዲህ ስንት ጊዜ እንደደነገጥሁ አትጠይቁኝ። ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይህን ያህል ደንግጦ እንዴት ልቡ እንደሚተርፍ አላውቅም። እኔ ተርፌአለሁ፣ አልሐምዱሊላህ።

መጀመሪያ ራሴን ላስተዋውቅ። ባሕር ዳር ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ካፒቴን ኑሩ ብትሉ ያሳዩአችኋል። ካፒቴንነቱን ማን ሰጠህ ካላችሁኝ ማንም አልሰጠኝም፤ ለጎብኚ ጆሮ ደስ እንዲል ቲኬት ቆራጩ ያወጣልኝ ነው። አባቴ ጀልባ ይሠሩ ነበር፤ እኔ እነዳለሁ። ከኛ ቤት ውሃውን የተወች የመጀመሪያዋ ሰው ሀያት ናት። የተወችውም ለአውሮፕላን ነው።

የበረራ ትምህርት ቤቷ ከዚህ ሩቅ ነው። ሜዳቸውም ትንሽ ሜዳ ነው፤ ማማ የለውም። ማማ የምላችሁ ያችን ከአየር ማረፊያው ላይ አንገቷን አስግጋ የምትታየዋን፣ ዙሪያዋን መስታወት የሆነችዋን ነው። እዚያ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች አንተ ውረድ፣ አንተ ቆይ፣ አንቺ ዙሪ እያሉ ይውላሉ። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹ ይህን እንዲለምዱ ብሎ ሀያትንና ጓደኞቿን ከሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች ጋር ለሁለት ሳምንት ወደ ባሕር ዳር ላካቸው። ጓደኞቿ ሆቴል ገቡ፤ እሷ ቤቷ ገባች።

የመጣች ዕለት እናቷ ዘምዘም ዓሣ ጠበሰች። እየበላን፣ መቼ ነው ብቻሽን ሆነሽ በቤታችን ላይ የምታልፊልን አልኋት። ገና አልተፈቀደልኝም አለችኝ። እዚያ ብቻሽን በርረሽ የለም እንዴ አልኋት። በርሬአለሁ አለች። እዚህ ግን አሰልጣኟ ማማ ባለበት ሜዳ አስተምረዋት፣ ችላለች ብለው ደብተሯ ላይ ጽፈው ካልፈረሙላት ብቻዋን አትነሳም፣ ብቻዋን አታርፍም።

እጄ ላይ ያለው ዓሣ እዚያው ቀረ።

«ቆይ፤ አውሮፕላኗ ያችው ናት?»

«ያችው ናት አባየ።»

«ነጂዋስ አንቺው ነሽ?»

«እኔው ነኝ።»

«ሰማዩስ?»

ሳቀች። ከዚያ በእርጋታ አስረዳችኝ። ማማ በሌለበት ሜዳ በራሪዎቹ እንደኛ እንደ ጀልበኞቹ ናቸው፤ እዚህ ነኝ፣ ልወርድ ነው፣ ተጠንቀቁ እየተባባሉ ይተላለፋሉ። ማማ ባለበት ግን ሳይባል የሚንቀሳቀስ የለም። መሬት ላይ እንኳ ጎማ ለማንከባለል ይጠየቃል። ፊርማው ደግሞ ስም ይጠራል፤ ለዚህ አየር ማረፊያ የተፈረመላት ተማሪ በዚያው ፊርማ ሌላ ማማ ያለበት ሜዳ ልግባ ብትል አይሆንም። ቀንም አለው፤ እንደ መድኃኒት ጊዜው ያልፍበታል።

ወላሂ እኔ ይህን ስሰማ የጣናን ወደቦች ሁሉ በልቤ ዞርኋቸው። ለያንዳንዳቸው ፊርማ ቢጠየቅ ኖሮ ዛሬም ከቤቴ አልወጣሁም ነበር።

እንግዲህ ይህ የመጀመሪያው ድንጋጤ ነው። ትንሹ።

ሁለተኛው ሳምንት ገባ። ማክሰኞ ዕለት ሀያት ከበረራ መጥታ ምግብ አልቀምስ አለች። ዘምዘም በዓይኗ ወደኔ ጠቀሰች፤ አንተ ጠይቃት ማለቷ ነው። ጠየቅኋት። እስከ ዓርብ ካልተፈረመልኝ ከኮርሱ እሰናበታለሁ አለች። እንደተናገረች ዓይኗ ሞላ። ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከጀልባዬ ላይ ሆና ውሃውን ሳይሆን ሰማዩን ነበር የምታየው። ሌላ የምትፈልገው ነገር የላትም።

ምን አጠፋሽ አልኋት። መንዳት አቃተሽ? አላቃታትም። ማረፍ? እንደ ቅጠል ነው የማሳርፋት አለች። ታዲያ ምንድን ነው?

ነገሩ ትንፋሽ ነው።

የኛን አገር «አዎ» ታውቁታላችሁ። ቃል አይወጣውም፤ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ይደረጋል፣ በቃ። ትልቅ ሰው ሲናገር በየመሃሉ ሳብ፣ ሳብ እያደረጉ መስማት የጨዋ ልጅ ወግ ነው። የተማሩትም ያልተማሩትም፣ መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም በዚህ አንድ ነን። ሬድዮ ግን ከኛ ወገን አይደለም። ማማው ሀያትን ከፊትሽ ያለውን ተከትለሽ ነይ ይላታል። እሷ ቁልፉን ትጫናለች፣ ትንፋሿን ሳብ ታደርጋለች፣ ቁልፉን ትለቃለች። ማማው የሰማው ኮሽታ ብቻ ነው። ይደግምላታል። አልሰሙኝም ብላ ጠንከር አድርጋ ትስባለች። ሦስተኛ ሲጠይቋት ደረቷ እስኪነፋ ሳበች።

ምን አደረጉ መሰላችሁ? ሬድዮዋ ሞቷል ብለው ከማማው ላይ በመብራት አናገሯት። ሬድዮ የተበላሸበትን አውሮፕላን እንደዚያ ነው የሚያናግሩት፤ አረንጓዴ ሲያበሩ ውረድ ማለት ነው። የኔ ልጅ አፍ እያላት፣ ምላስ እያላት፣ በመብራት ወረደች።

አጠገቧ የተቀመጡት አሰልጣኟ ካፒቴን በቀለ ይባላሉ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ የማይቆጡ ሰው ናቸው። ሲወርዱ ሬድዮውን ከፍተው አዩት አሉ። ከዚያ ዘግተው፣ «ሬድዮው ደህና ነው፤ የምትጠገኚው አንቺ ነሽ» አሏት።

ይህን ስትነግረኝ እኔ በየመሃሉ ምን እያደረግሁ ነበር? ቀና ብላ አየችኝና፣ «አባየ፣ እርስዎም እያደረጉት ነው» አለችኝ። አፌን በእጄ ያዝሁ።

ትንፋሹን በስንት መከራ ተወችው እንበል። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ መጣ። ለካስ ማማው የተናገረውን ቃል በቃል መድገም ግዴታ ነው። ሰባት ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ቆዪ ካሉሽ፣ ሰባት ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ እቆያለሁ ብለሽ መመለስ አለብሽ፤ በትክክል መስማትሽን የሚያውቁት በዚያ ነው። እሷ እሺ ብላ ዝም ትላለች። ድገሚው ሲሏት ትሸማቀቃለች። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛው አላቃታትም። ያቃታት ሌላ ነው።

«እንዴት ብዬ ነው የምደግምባቸው አባየ? ድምፃቸው እኮ የትልቅ ሰው ነው፤ ወፍራም፣ ረጋ ያለ። ያሾፍሁባቸው አይመስልም?»

ልክ ነሽ ልላት አፌን ከፈትሁ። በዚህ ጊዜ እጇ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ጆሮዋ ሲሄድ አየሁ። አፌን ገጠምሁ።

አስታወስሁ። ስድስት ዓመቷ ነበር። አባቴ፣ አላህ ይማራቸውና፣ ግቢያችን ውስጥ ጀልባ ይሠራሉ። ሀያት፣ መዶሻውን አምጭ አሏት። ሀያት፣ መዶሻውን አምጭ አለቻቸው። አንቺ ልጅ ምን አልሁሽ ቢሏት፣ አንቺ ልጅ ምን አልሁሽ አለች። አባቴ እንኳ ሊስቁ ነበር። እኔ ነኝ ተነስቼ ቀኝ ጆሮዋን ቆንጥጬ፣ ትልቅ ሰው የተናገረውን መልሰሽ እንዳትደግሚ ያልኋት። ጆሮዋ እስከ ማታ ቀልቶ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ደግማ አታውቅም። ሰው ሁሉ ጨዋ ልጅ አሳደግህ ይለኝ ነበር፤ እኔም እኮራ ነበር።

ልጄን ከሰማይ ያስቀራት አሰልጣኙ አይደለም፣ ማማውም አይደለም፤ እኔ ነኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ድንጋጤ ደንግጬ አላውቅም።

ሦስተኛ ነገር አለ፤ እሱንም ልንገራችሁ። ማማው ያዘዘው ነገር አደጋ አለው ብላ ካሰበች ነጂዋ አልቻልሁም ማለት ትችላለች። ትችላለች ብቻ አይደለም፣ ይጠበቅባታል። አውሮፕላኗን የያዘችው እሷ ናትና። ሀያት ግን ትልቅ ሰው አዝዞ አልቻልሁም ይባላል ወይ ባይ ናት። ሰኞ ዕለት አርፋ መንደርደሪያው ላይ ገና በፍጥነት እየሮጠች ሳለ በቅርቡ መውጫ ውጪ አሏት። እንደማይሆን እያወቀች እሺ ብላ ፍሬን ረገጠች፤ ጎማው ጮኸ፤ ካፒቴን በቀለ ባይደርሱላት ሣር ውስጥ ነበረች።

ረቡዕ ከሰዓት ሥራ ተውሁና ግቢ ገባሁ። የአባቴ ያላለቀች ጀልባ ዛሬም ግቢያችን ውስጥ በድንጋይ ላይ ቆማለች። እሷ ላይ ወጥቼ ተቀመጥሁ። እኔ ማማ ነኝ አልኋት፤ አንቺ እታች ወንበር ላይ ተቀመጭ፤ እኔ አዛለሁ፣ አንቺ ድገሚብኝ። በአማርኛ ነው ታዲያ፤ የኔ እንግሊዝኛ ጉማሬና ገዳም ላይ ያልቃል።

ወደ ግራ ዙሪ አልኋት። በጣም ቀስ ብላ፣ ወደ ግራ እዞራለሁ አለች። ስሰማው እጄ ከጉልበቴ ላይ ብድግ አለ። በገዛ እጄ አፈርሁ፤ መልሼ ተቀመጥሁበት። ከዚያ በኋላ ልምምዱን የጨረስሁት በእጄ ላይ ተቀምጬ ነው።

ሞተሩ ይጮኻል፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ አልኋት። ዘምዘም ደግሞ እንግዲያው ሞተሩን እኔ ልሁን ብላ ባዶ ጀሪካን በእንጨት ትደበድብ ጀመር። እንግዲህ አስቡት። እኔ ጀልባ ላይ ሆኜ ውረጅ እላለሁ። ልጄ ከታች አልቻልሁም ብላ ትጮኻለች። ቆይ እላለሁ፤ እቆያለሁ ትለኛለች። እናትየዋ ጀሪካን ትቀጠቅጣለች።

ጎረቤት ምን ይበል?

ጎረቤታችን ሐጂ ይመር ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ መቁጠሪያ ሙስበሃቸውን እንደያዙ በሩን ገፍተው ገቡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ኑሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ አሉኝ። ልጅ የአባቷን አፍ አፍ የምትል ከሆነ፣ ሚስትም ጀሪካን ይዛ ከተነሳች፣ ነገሩ ሳይብስ እርቅ ይሻላል አሉ። እኔ ከጀልባው ሳልወርድ ሀያትን የአባትሽን ጉልበት ሳሚ ማለት ጀመሩ።

የሰማዩን ሕግ ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው። አላመኑኝም። ሐጂ ይመር ዓይናቸውን ፈጠው፣ ትልቅ ሰው ላይ መድገም ትምህርት ቤት ገባ ማለት ነው አሉ። ሀያት ደብተሯን አምጥታ ባዶውን የፊርማ ቦታ አሳየቻቸው። ባዶ ቦታ ለሁሉም ይገባል። ደብተሩን መለሱላትና፣ በል ውረድ፣ እኔ ልሞክራት አሉኝ።

ማማነቱን ወደዱት። ከላይ ሆነው ዙሪ፣ ቁሚ፣ ተመለሽ ይላሉ፤ ሀያት ትደግማለች፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ዳኛ ይሰማሉ። ልጄ እየፈራች ነበር። ለሐጂ አልቻልሁም ማለት ከኔም ይብስባታል። ሐጂም ይህን አውቀው ነው መሰለኝ፣ በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«ሀያት፣ ባል አግቢ» አሏት።

«አልቻልሁም» አለች፤ ቶሎ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ቀና ብላ።

«ምክንያት?»

«ገና አልተፈረመልኝም።»

ግቢው በሳቅ አለቀ። ሐጂን ከዚያች ጀልባ ለማውረድ ለምሽቱ የመግሪብ ሶላት አዛን መጠበቅ ነበረብን።

ዓርብ ደረሰ። እኔ ጠዋት ጎብኚዎች ይዤ ውሃ ላይ ነበርሁ፤ ቤት ብቀመጥ እብድ ነበር የምሆነው። ከዳርቻው ብዙ አልራቅሁም። ትንሿ አውሮፕላን መጣች። ውስጧ ሀያትና ካፒቴን በቀለ እንዳሉ አውቃለሁ። ዝቅ አለች፣ ዝቅ አለች፣ ልታርፍ ነው ስል ሞተሯ በድንገት ጮኸና ወደ ላይ ተመዘዘች። ሳታርፍ ሄደች።

አለቀልን አልሁ። ልጄ እንደገና ደነገጠች፣ አልመለሰችም፣ አልደገመችም፣ ሰውየው መሪውን ቀምተዋት ነው አልሁ። መሪ መያዜን ረስቼው ኖሮ ጀልባዬ ከነጎብኚዎቿ የዳርቻው ደንገል ውስጥ ተሰካች። ሰላሳ ዓመት ደንገል ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ጎብኚዎቹ የጉብኝቱ አካል መስሏቸው ፎቶ ያነሳሉ።

ከጁምዓ በኋላ ቤት ገብቼ ጠበቅኋት። መጣች። ቦርሳዋን አስቀመጠች። ፊቷ ምንም አይናገርም።

«ፈረሙልሽ?» አልኋት።

ትንፋሿን ሳብ አደረገች።

ዘምዘም እልል አለች። በኛ ቤት ያ ትንፋሽ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋም። ለኔ ግን በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽ አልበቃኝም። በአፍሽ ንገሪኝ አልኋት። ፈረሙልኝ አባየ አለች። ተቀመጥሁ። አለቀስሁ እንዴ? አለቀስሁ፤ ምን አለበት።

የሆነው እንዲህ ነው። ማማው ውረጅ አላት። ቃል በቃል ደገመች። ልትነካ ስትል ከሐይቁ በኩል ትልልቅ ነጫጭ ወፎች ተነስተው መንደርደሪያውን አቋረጡ። ካፒቴን በቀለ አይተዋል፤ ግን ዝም አሉ። እሷ ቁልፉን ተጫነችና፣ አልቻልሁም፣ ወፍ አለ፣ ወደ ላይ እወጣለሁ አለች። ያ ወፍራም ድምፅ አልተቆጣም። ወፉን ስለነገርሽን እናመሰግናለን ብሎ እንድትዞር ነገራት፤ እሷም ደገመች። ዞራ እንደ ቅጠል አረፈች። ሞተሩ ሲጠፋ ካፒቴን በቀለ ብዕራቸውን አወጡ።

ደብተሩን አሳየችኝ። ሁለት መስመር ጽሑፍና አንድ ፊርማ ነው። በጣቴ ልነካው ስል ቀለሙ አልደረቀም ብላ ነጠቀችኝ። እኔ ወደ ደንገል ስገባ ያየሁት መውደቋ ሳይሆን ማለፏ ነበር ለካ።

ቅዳሜ ብቻዋን በረረች። በቤታችን ላይ ስታልፍ ሐጂ ይመር ከግቢያቸው ሆነው ወደ ግራ ዙሪ ብለው አዘዟት፤ በአጋጣሚ ዞረች። እስከ ዛሬ የኔን ቃል ሰምታ ነው ይላሉ።

ስታርፍ ተማሪዎቹ ማማውን እንዲጎበኙ ተፈቀደላቸውና እሷም ወጣች። እሷ እኒያን ትልቅ ሰው እጅ ነስታ ልታመሰግን ነው የወጣችው። ድምፁን ሰምታ ዞር ብትል ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅ ነው። ከሀያት በሁለት ዓመት ያንሳል። አላህ ወፍራም ድምፅ ሰጥቶት ነው እንጂ ሌላ ምንም የለውም። ልጄ ያን ሁሉ ቀን ለታናሿ ትንፋሿን ስትስብ ከርማለች።

እሑድ፣ ከመመለሷ በፊት፣ ዘመዶቿን ትሰናበት ብዬ ወደ ደቅ ይዣት ሄድሁ። ጀልባው ሞልቷል። አጠገቤ ቆማለች። መንገድ ላይ፣ ደቅ ለመግባት ማን ፈረመልዎት ብላ ቀለደችብኝ፤ ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ዳርቻው ሲቃረብ ከደንገሉ ጥግ አንዲት ታንኳ ወጣች። እኔ አይቻታለሁ። ልሰድብ አፌን እያዘጋጀሁ ነበር።

«አባየ፣ ከፊት ታንኳ አለ። ፍጥነት ይቀንሱ፤ ወደ ቀኝ ያዙሩ» አለችኝ።

ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ።

«አልሰማሁዎትም አባየ። ይድገሙልኝ።»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ታንኳ ላይ ያለው ሰውዬ እንኳ ስድቡን እየጠበቀ መቅዘፉን ተወ። ሰላሳ ዓመት የነዳሁ ካፒቴን ነኝ። ልጄ ደግሞ አትስቅም።

«ከፊት ታንኳ አለ፤ ፍጥነት እቀንሳለሁ፤ ወደ ቀኝ አዞራለሁ» አልሁ፤ ቃል በቃል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ማንም አልነካኝም። ቀኝ ጆሮዬ ግን እስከ ማታ ግሎ ዋለ።